ታይ ቺን በቪዲዮ ብቻ መማር ይቻላል? ጉልበቴስ ለምን ታመመ?

ጥያቄ፦ «62 ዓመቴ ነው፤ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ቨርጂኒያ ያለችው ልጄ ‹ለሚዛንሽም ለጉልበትሽም ይጠቅማል› ብላ የታይ ቺ፣ ማለትም ከቻይና የመጣ በዝግታ የሚሠራ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ቪዲዮ በቴሌግራም ላከችልኝ። ‹24ቱ እንቅስቃሴ፣ ለጀማሪዎች› ይላል። በየጠዋቱ ስልኬን ቴሌቪዥኑ ጎን አቁሜ አብሬ እሠራለሁ። አምስት ሳምንት ሆነኝ። አሁን ግን ቀኝ ጉልበቴን ከውስጥ በኩል ያመኛል፤ ደረጃ ስወርድ ይብሳል። ልጄ ‹ሰውነትሽ እየለመደ ነው፣ ቀጥዪ› ትለኛለች። ከዚህ በፊት ሐኪም የጉልበቴ መገጣጠሚያ መበላት እንደጀመረ ነግሮኝ ነበር። የደም ግፊት መድኃኒትም እወስዳለሁ። ያለ አስተማሪ በቪዲዮ ብቻ መማር እችላለሁ ወይስ ልተወው? የማኅበር ጓደኛዬ ደግሞ ‹የሌላ እምነት ነገር ነው› ብላ አስፈራችኝ።»

መልስ፦

ሰውነትዎ እየለመደ አይደለም። አዲስ እንቅስቃሴ የጀመረ ሰው የሚሰማው የጡንቻ ሕመም ጭንና ባት ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይነካል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ይለቃል። የእርስዎ ሕመም አንድ ጉልበት ላይ ነው፤ በአንድ በኩል ነው፤ ደረጃ ሲወርዱ ይብሳል። ይህ ሕመም ከመገጣጠሚያው ነው፣ ተቋቁመው የሚያልፉት ዓይነትም አይደለም። ልጅዎ ለእርስዎ አስባ እንደተናገረች አውቃለሁ፤ በዚህ ላይ ግን ተሳስታለች። 24ቱን እንቅስቃሴ ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። ታይ ቺን ጨርሰው ይተዉት እያልኩ አይደለም። እንዲያውም እንደ እርስዎ ያለ ጉልበት ላለው ሰው ከምመክራቸው እንቅስቃሴዎች አንዱ ነው። የሚቆመው አሁን የሚሠሩበት መንገድ ነው።

መጀመሪያ ጉልበትዎ ላይ ምን እየሆነ እንደሆነ ላስረዳ። የቀረው ምክር ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ ነው። መታጠፍና መዘርጋት ይችላል፤ መጠምዘዝ ግን ሥራው አይደለም። መዞር የዳሌ ሥራ ነው። ታይ ቺ ደግሞ መዞር የበዛበት ነው። ከ24ቱ ሁለተኛውን ይውሰዱ፤ «የዱር ፈረስ ጋማ መክፈል» የሚባለውን። ወደ ግራ ይሄዳል፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ የፊተኛው እግር ወደ ውጭ መዞር አለበት። ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። ክብደትዎን ወደ ኋላኛው እግር ይመልሳሉ። የፊተኛውን እግር ጣቶች ከመሬት ያነሣሉ። ከዳሌዎ ይዞራሉ። ከዚያ ክብደቱን መልሰው ያመጣሉ። ይህች ወደ ኋላ መመለስ ቪዲዮ ላይ ልብ የማትባል ትንሽ ነገር ናት። ጀማሪ ሁሉ ይዘላታል። ስትዘለል እግር ሙሉ ክብደት ተሸክሞ መሬት ላይ እንደተተከለ ይቀራል፤ ከላይ ያለው አካል ብቻውን ይዞራል። ጥምዘዛው በሙሉ ጉልበት ላይ ያርፋል።

ክብደት እንደተሸከሙ የሚዞሩ አስተማሪዎችም አሉ። ለዓመታት ለሠራና ጉልበቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው ችግር የለውም። ለእርስዎ ግን አይሆንም።

ሁለተኛው ጥፋት ጉልበት ወደ ውስጥ መውደቁ ነው። ቆመው ጉልበትዎን ሲያጥፉ የጉልበትዎ ሎሚ ከአውራ ጣት ቀጥሎ ወዳለው ጣት አቅጣጫ ማየት አለበት። የዳሌ ጡንቻ ሲደክም ግን ጉልበት ሳያስቡት ወደ አውራ ጣት፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሌላው እግር ያዘነብላል። እንዲህ በሚሆንበት ጊዜ የሚወጠረው የጉልበት ውስጠኛው ጎን ነው። ሕመምዎ ያለውም እዚያው ነው። ሳላይዎት ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ብዬ አልደመድምም። ነገር ግን በቪዲዮ ታይ ቺ ጀምረው ጉልበታቸውን ይዘው ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች ላይ ደጋግሜ የማየው እነዚህን ሁለት ጥፋቶች ነው።

ሦስተኛው ከመጠን በላይ ዝቅ ማለት ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ዝቅ ብሎ ሲሠራ ያምራል። ዝቅታው ግን የዓመታት ልምምድ ውጤት ነው። ለጤና የሚሠራ ሰው እንደዚያ መውረድ አይጠበቅበትም። ጉልበትዎ በትንሹ ላላ ካለ በቂ ነው። በጎን መስታወት ላይ ሲያዩት ጉልበትዎ ከጫማዎ ጫፍ ማለፍ የለበትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ላርም። «24ቱ እንቅስቃሴ ለጀማሪ ነው» የሚባለው ነገር ሰው ያሳስታል። ይህን ቅንብር የቻይና የስፖርት ኮሚሽን በ1956 ያዘጋጀው ከያንግ ዘይቤ ወስዶ ነው። ያንግ ከዋና ዋናዎቹ የታይ ቺ ዘይቤዎች አንዱ ነው። 24ቱ «የቀለለ» የተባለው ከመቶ በላይ እንቅስቃሴ ካለው ረጅሙ ቅንብር ጋር ሲነጻጸር ነው። ለታመመ ጉልበት ቀላል ነው ማለት አይደለም። 13ኛውና 15ኛው በአንድ እግር ቆሞ በተረከዝ መርገጥ ነው። 16ኛውና 17ኛው ደግሞ እስከ መሬት ዝቅ ብሎ ተነሥቶ በአንድ እግር መቆም ነው። እነዚህ አራቱ ለእርስዎ አሁን አይሆኑም፤ ወደፊትም ያለ አስተማሪ አይሞክሯቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። ቪዲዮ የእንቅስቃሴውን ቅደም ተከተል ያስተምራል። እጅ የት እንደሚሄድ ያሳያል። ሪትሙን ያስለምዳል። ደጋግሞ አይሰለችም፣ ክፍያም አይጠይቅም። እነዚህ ትልቅ ጥቅሞች ናቸው። ችግሩ እርስዎን አለማየቱ ነው። ጉልበትዎ ወደ ውስጥ ሲወድቅ «እማማ፣ ቀና ያድርጉት» የሚል የለም። ራስዎ ደግሞ ሊያውቁት አይችሉም። የወደቀ ጉልበት ከውስጥ ሲሰማ ቀጥ ያለ ይመስላል። ስህተቱ ሳይታወቅ በየጠዋቱ ይደገማል፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ በሕመም ይገለጣል።

ከዚህም ሌላ ቪዲዮ የሚደብቀው ነገር አለ። አብዛኞቹ አስተማሪዎች ሰፊ የሐር ሱሪ ይለብሳሉ። ያምራል፤ ግን ጉልበት አይታይም። ካሜራው ከፊት ብቻ ከሆነ ክብደቱ በየትኛው እግር ላይ እንዳለ አይለይም። ታይ ቺ ውስጥ ደግሞ ትልቁ ነገር ይኸው ነው። የትኛው እግር ሙሉ፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ ማወቅ። እጅን ማወዛወዝ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስልክ እያዩ አብሮ መሥራት ራሱም ችግር አለበት። እንቅስቃሴው ሰውነትን ወደ ግራ ይወስዳል፤ ስልኩ ግን ባለበት ይቀራል። እርስዎ ሰውነትዎ ወደ አንድ በኩል፣ አንገትዎ ወደ ስልኩ ይሆናል። ሚዛን የሚጠፋው እንዲህ ሲሆን ነው። ስለዚህ አብረው አይሥሩ። ተቀምጠው አንዱን እንቅስቃሴ ብቻ ደጋግመው ይመልከቱ። ከዚያ ስልኩን ዘግተው፣ ተነሥተው ከትዝታዎ ይሥሩት። ሲጠፋብዎት ቆመው ያስቡ፤ ካልመጣልዎት ተመልሰው ያዩታል። የሚዘገይ ይመስላል። ግን የሚቀረው እንደዚህ የተማሩት ነው። የኢንተርኔት ጥቅልም ይቆጥባል፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አንዴ አውርደው ማስቀመጥ ይችላሉና።

«ጥናት አረጋግጧል» የሚለውም በጥንቃቄ ይታይ። ልጅዎ የሰማችው ነገር ውሸት አይደለም። በ2016 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ያለባቸውን 204 ሰዎች ተከታትሏል። ኦስቲዮአርትራይተስ ሐኪምዎ የመገጣጠሚያ መበላት ያሉት ነው። ግማሾቹ ለ12 ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ታይ ቺ ሠሩ። ሌሎቹ ፊዚዮቴራፒ ወሰዱ። ሕመማቸው በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ በሆነ መጠን ቀነሰ። በ2018 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ 670 ሰዎችን አካትቷል። ሁሉም 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑና የመውደቅ አደጋ ያለባቸው ነበሩ። በታይ ቺ ላይ የተመሠረተ የሚዛን ሥልጠና የወሰዱት የማፍታቻ እንቅስቃሴ ብቻ ከሠሩት ይልቅ የወደቁበት ብዛት በ58 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እነዚህ ግሩም ውጤቶች ናቸው። ነገር ግን ሰዎቹ አስተማሪ ፊት ቆመው ነው የተማሩት። ጥቅሙን ወስደን አስተማሪውን መተው አንችልም።

በኢንተርኔት መማር ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። በ2023 የታተመ ጥናት ላይ ከ300 በላይ አረጋውያን ቤታቸው ሆነው በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ለ24 ሳምንት ሠልጥነዋል። ጥናቱ የለካው ጉልበትን ሳይሆን በተለይ የማሰብ ችሎታን ነው፤ ታይ ቺ የሠሩት ማፍታቻ ብቻ ከሠሩት የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። ልብ ይበሉ፣ ያ የተቀዳ ቪዲዮ አልነበረም። በሌላው ጫፍ የሚያያቸው አስተማሪ ነበር። ልዩነቱ ያለው ቤት ወይም አዳራሽ መሆኑ ላይ አይደለም፤ የሚያይ ዓይን መኖሩ ላይ ነው።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው። በተቀዳ ቪዲዮ ብቻ፣ 24ቱን፣ በዚህ ጉልበት፣ አይቻልም። በቪዲዮ፣ ጥቂት እንቅስቃሴ ብቻ፣ በየጊዜው የሚያይዎት ሰው ካለ ግን ይቻላል።

የሚያይዎት ሰው የግድ የታይ ቺ አስተማሪ መሆን የለበትም። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ይሂዱና ጉልበትዎን ያሳዩ። የጭንና የዳሌ ጡንቻዎን ጥንካሬ ይለካልዎታል፤ የሚጎድለውን ማጠናከሪያ ይሰጥዎታል። ቆመው ጉልበት ማጠፍዎን ፊቱ ያሳዩት። ታይ ቺ ባያውቅም ጉልበት ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ልጅዎን ሥራ ይስጧት። ቅዳሜ ወይም እሑድ ማታ 12 ሰዓት ላይ ይደውሉላት፤ እዚያ ረፋድ ነው። ቁምጣ ይልበሱ ወይም ሱሪዎን ከጉልበት በላይ ይጠቅልሉ። ሁለቱ የጉልበት ሎሚዎች ላይ ትንሽ ትንሽ የቁስል ፕላስተር ይለጥፉ። ስልኩን ጉልበትዎ ከፍታ ላይ ከፊት ለፊት ያቁሙት። ልጅዎ የምታየው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፕላስተሩ ከአውራ ጣት ቀጥሎ ካለው ጣት በላይ ቆሟል ወይስ ወደ ውስጥ ገባ? ሲገባ «ገባ» ትበል። ሌላ ምንም አይጠበቅባትም። «ቀጥዪ» ከማለት ይልቅ ይህ በጣም ይረዳዎታል። በሌላው ቀን ስልኩን እንዲቀዳዎት አድርገው ራስዎ ይመልከቱ።

ቪዲዮ ሲመርጡ አንድ አስተማሪ ይያዙ። ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ማየት ግራ ያጋባል፤ ዘይቤዎቹ በእርምጃም በእጅ አያያዝም ይለያያሉ። ለእርስዎ የምመርጠው «ሱን» ከሚባለው ዘይቤ የተወሰደውን ነው። አቋቋሙ ከፍ ያለ ነው፣ እርምጃው አጭር ነው፣ ጉልበትን ብዙ አያሳጥፍም። አውስትራሊያዊው ሐኪም ፖል ላም በ1997 ለአርትራይተስ ሕሙማን ያዘጋጀው ቅንብር መሠረቱ ይህ ዘይቤ ነው። ያንግ ከወደዱም ይሆናል፤ ከፍ ብለው እስከሠሩ ድረስ። የቼን ዘይቤ ግን ይቅርብዎት። መሬት መርገጥና ድንገተኛ የኃይል እንቅስቃሴ አለበት። ከጀርባም ከጎንም የሚያሳይ፣ ጠባብ ሱሪ የለበሰ፣ በአንድ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ የሚያስተምር ይፈልጉ። የተገለበጠ ቪዲዮም ብዙ አለ። በ24ቱ መጀመሪያ የሚከፈተው ግራ እግር ነው። ከጀርባ የሚታየው አስተማሪ በቀኝ ከጀመረ ምስሉ ተገልብጧል ማለት ነው።

አሁን ልምምዱ። ለአሥር ቀን ያህል ጉልበትዎን ያሳርፉ። ሜዳ ላይ መራመድ ካላመመዎት ይራመዱ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ ይሥሩ። አንደኛው መክፈቻው ነው፤ እግርን በትከሻ ስፋት ከፍቶ እጅን በቀስታ ማንሣትና ማውረድ። ሁለተኛው ክብደትን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ማዛወር። አንዱ እግር ሙሉ በሙሉ ባዶ እስኪሆን፣ ተረከዙን ያለምንም ጥረት ማንሣት እስኪችሉ ድረስ ያዛውሩ። ቀላል ይመስላል። አይደለም። ታይ ቺ የቆመው በዚህ ላይ ነው። በሦስተኛው ሳምንት «እጅ እንደ ደመና» የሚባለውን ይጨምሩ፤ ግን ሳይራመዱ፣ ባሉበት ቆመው። ወገብዎ ከዳሌ ሲዞር ጉልበቶችዎ ወደ ፊት እንዳዩ ይቆዩ። በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በሳምንት አራት ወይም አምስት ቀን ይበቃል። ሕመሙ ሲሠሩ ትንሽ ቢሰማና ወዲያው ቢጠፋ ግድ የለም። ማግስቱ ጠዋት ከቀድሞው ከባሰ ግን በዝቷል፤ ይቀንሱ።

የሚሰግዱ ከሆነ ስግደቱንም አብረው ይቁጠሩት፤ በተለይ በዐቢይ ጾም። ጉልበት ስግደቱንና ታይ ቺውን ለይቶ አይሸከምም። በሰገዱበት ቀን ታይ ቺውን ይዝለሉ ወይም መክፈቻውን ብቻ ይሥሩ። ጉልበትዎ መታመሙን ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው፤ ለታመመ ሰው የሚሉት ነገር ይኖራቸዋል።

የደም ግፊት መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ ከተቀመጠበት ሲነሣ ማዞር ያመጣል። ከወንበር ተነሥተው ወዲያው አይጀምሩ፤ ትንሽ ቆም ይበሉ። ትንፋሽዎን አይያዙ። ባዶ ሆድዎን ሲጾሙ የሚያዞርዎት ከሆነ ልምምዱን ከምግብ በኋላ ያድርጉት። ጠንካራ ወንበር ሁልጊዜ አጠገብዎ ይኑር። ምንጣፍ የሚንሸራተት ከሆነ ያንሡት። በካልሲም በነጠላ ጫማም አይሥሩ፤ ሶሉ ጠፍጣፋና ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ያድርጉ።

ጉልበትዎ ካበጠ፣ ከቆለፈ፣ ወይም ድንገት ከከዳዎት ልምምዱን ትተው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ባትዎ በአንድ በኩል ብቻ አብጦ ከታመመ፣ ደረትዎን ከያዘዎት ወይም ራስዎን ከሳቱ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ፣ በዚያው ሰዓት ይሂዱ።

ስለ ጓደኛዎ ሥጋት በቁም ነገር ልመልስ፤ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ታይ ቺ ሥር መሠረቱ ራስን የመከላከያ ጥበብ ነው። በሄናን ግዛት ባለችው የቼን መንደር በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጀመረ ይነገራል። የሚጠቀምባቸው ቃላትና ሐሳቦች ከቻይና ጥንታዊ ፍልስፍና፣ በተለይ ከዳኦ የመጡ እንደሆኑ እውነት ነው፤ አልደብቅም። ነገር ግን እኔ የነገርኩዎት እንቅስቃሴ ጸሎት የለውም፣ አምልኮ የለውም፣ የሚጠራ ስም የለውም። ክብደት ማዛወርና እጅ ማንሣት ነው። ስለ መንፈስ የሚሰብክ ወይም ማሰላሰል የሚያስገባ ቪዲዮ ካጋጠመዎትና ካልተመቸዎት ይለፉት፤ ሌላ አለ። ኅሊናዎ አሁንም ከከበደው ደግሞ አይጨነቁ። ሚዛንንና የእግር ጡንቻን የሚያጠናክር የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ አለ፤ ያው ፊዚዮቴራፒስት ይሰጥዎታል።

በስምንተኛው ሳምንት ልጅዎ ደውላ ስታይዎት ፕላስተሩ ቦታውን ካልለቀቀና ደረጃ ሲወርዱ የማያምዎት ከሆነ፣ «የዱር ፈረስ ጋማ»ን በግራ በኩል ብቻ ይጀምሩ። የቀኙን ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጨምሩ። ፕላስተሩ አሁንም ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ አዲስ እንቅስቃሴ አይጨምሩ፤ የዳሌ ጡንቻ ማጠናከሪያውን ይዘው ባሉበት ይቆዩ። ሕመሙ ራሱ በስምንት ሳምንት ውስጥ ካልቀነሰ ደግሞ ጉልበትዎ እንደገና በሐኪም መታየት አለበት።